ስልክ ሲለወጥ የሚሻገረውና የማይሻገረው

በዛሬው ጊዜ በዓለም ገበያ ላይ የሚውሉት ስማርት ስልኮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከሁለት ሥርዓተ ክወናዎች በአንዱ የሚሠሩ ናቸው። አንደኛው ጎግል የሚመራውና በርካታ አምራቾች በስልኮቻቸው ላይ የሚጭኑት አንድሮይድ ነው። ሁለተኛው አፕል ለራሱ ምርቶች ብቻ የሚያዘጋጀው አይኦኤስ ሲሆን ሕዝቡ የሚያውቀው አይፎን በሚለው በስልኩ ስም ነው። አይፎን ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በዓመቱ በ2008 ተከተለ።

በአገራችን የአብዛኛው ተማሪ ስልክ አንድሮይድ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ ያለች እኅት ወይም ያለ አጎት አይፎን ይልካል፤ ወይም ደግሞ አይፎን የነበረው ሰው መስታወቱ ሲሰበርበት የማሠሪያው ዋጋ አስደንግጦት አንድሮይድ ይገዛል። በዚህን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ መልእክቶቼ፣ ዘፈኖቼና መተግበሪያዎቼ ምን ይሆናሉ? የስልክ ቤቱ ባለሙያ «ሁሉንም እንገለብጥልሃለን» ይላል። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው። የቀረው ከፊል እውነት አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ብዙውን ጊዜ አሮጌው ስልክ ከተሸጠ በኋላ ነው። የሟች እናቱን ድምፅ በዋትስአፕ በተላከለት የድምፅ መልእክት ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳዋል።

በዚህ ጽሑፍ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጫን ብቻ ሳይሆን ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምናሌዎች ስምና ቦታ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ከሥር ያለው ምክንያት ግን ባለበት ይቆያል።

ፊደሉ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት

በመጀመሪያ አንድ አስገራሚ ነገር እናንሣ። የአይፎንም ሆነ የአንድሮይድ ስልኮች አንጎል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ በአንድ ዓይነት የትእዛዛት ስብስብ የሚሠራ ነው። ይህ የትእዛዛት ስብስብ አርም ይባላል፤ የመነጨውም በእንግሊዝ አገር ነው። በሁለቱም ስልኮች ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን የሚደምረው ትእዛዝ በዜሮና በአንድ የሚጻፈው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ታዲያ ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም በሌላው ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?

መልሱን ከራሳችን ፊደል ልንማር እንችላለን። አማርኛና ትግርኛ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው የትግርኛ ጋዜጣ ቢሰጡት እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ የተነገረውን ግን በሙሉ አይረዳም። አርም እንደ ፊደሉ ነው። ሥርዓተ ክወናው ደግሞ እንደ ቋንቋው ነው። አንድ መተግበሪያ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ፋይል ለመክፈት፣ ካሜራውን ለማንቃት፣ ድምፅ ለማሰማት፣ ወደ ኢንተርኔት ለመውጣት ሁልጊዜ ሥርዓተ ክወናውን መጠየቅ አለበት። በአንድሮይድ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚቀበለው እምብርት ሊኑክስ ነው። በአይፎን ውስጥ ግን ከሌላ የዘር ሐረግ የመጣ፣ ኤክስኤንዩ የተባለ እምብርት ነው። የጥያቄዎቹ ስም፣ ቁጥርና ቅደም ተከተል የተለያየ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። አብዛኛው የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚሠራጨው በመካከለኛ ቋንቋ ተጽፎ ሲሆን ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ የሚተረጎመው እዚያው ስልኩ ላይ ነው። የአይፎን መተግበሪያ ግን አስቀድሞ ተተርጉሞ ያለቀለት ሆኖ ይመጣል። በዚህም ላይ የአፕል ዲጂታል ፊርማ ከሌለበት ስልኩ አያስነሣውም። ስለዚህ መተግበሪያ ራሱ ከቶ አይሻገርም። «መተግበሪያዎቼ ተሻገሩ» የሚል ሰው ያጋጠመው ነገር ሌላ ነው፤ አዲሱ ስልክ የአሮጌውን ዝርዝር አይቶ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ከራሱ መደብር አውርዶለታል ማለት ነው። በነጻ የሚገኙት በዚህ መንገድ ይመለሳሉ። በገንዘብ የተገዛ መተግበሪያ ግን በአዲሱ መደብር እንደገና ይገዛል። በየወሩ የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ በአሮጌው መደብር ውስጥ መሰረዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ስልኩ ከተሸጠ በኋላም ሒሳቡ መቆረጡን ይቀጥላል።

እንግዲህ መተግበሪያው የማይሻገር ከሆነ የሚሻገረው ምንድን ነው? የሚሻገረው በውስጡ ያለው መረጃ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ አይደለም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው መረጃው በየት እንደተቀመጠና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው። አንዳንዱ መረጃ ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ሲሆን ስልኩ መስኮት ብቻ ነው። አንዳንዱ በስልኩ ላይ ቢሆንም ማንም ሊያነበው በሚችል ግልጽ አጻጻፍ የተጻፈ ነው። ሌላው ግን በስልኩ ላይ ብቻ አለ፣ ተመስጥሯል፣ ቁልፉም ከስልኩ አይወጣም። በፊዚክስ የኃይል ጥበቃ ሕግ የሚባል አለን፤ በስልክ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን የመረጃ ጥበቃ ሕግ የለም፤ የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል።

ለመጀመሪያው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት የገንዘብ አገልግሎቶች ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረውን ቴሌብርን የሚጠቀም ሰው ስልኩ ቢጠፋበት ገንዘቡ አብሮት አይጠፋም፤ ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ኖሮ አያውቅምና። ሒሳቡ ያለው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። አዲሱ ስልክ ላይ መተግበሪያውን አውርዶ በዚያው ቁጥር መግባት ይበቃል። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ግን ለጥንቃቄ ሲባል ከአንድ ስልክ ጋር የሚታሰሩ ስለሆኑ እንደገና መመዝገብን ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህን ከዓርብ ማታ ይልቅ ባንኩ ክፍት በሚሆንበት ቀን ማድረግ ይሻላል።

መልእክቶች

ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ክፍል ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

በዕድሜ ከሁሉ የሚቀድመው ተራው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። የመጀመሪያው የተላከው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለትም 140 × 8 = 1120 ቢት ነው። የላቲን ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 ቢት ስለሚጻፉ 1120 ለ7 ሲካፈል 160 ፊደል ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ አነስተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል፤ 1120 ለ16 ሲካፈል 70 ብቻ ነው። በአማርኛ የጻፍነው መልእክት ቶሎ ወደ ሁለትና ሦስት የሚከፈልበትና ዋጋውም የሚጨምርበት ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ ወጣት አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ልማዱን ባልወደው።

ለኛ ጉዳይ ግን በዚህ ውስጥ መልካም ዜና አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገብቷል። በዚህም መሠረት «ሀ» 4608 የተባለ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ «ሁ» 4609 ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ይህ ቁጥር በአንድሮይድም በአይፎንም አንድ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ፣ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ የነበረበት ዘመን፣ በስልኮቻችን ላይ አይደገምም። ተራ የጽሑፍ መልእክቶች በሁለቱም ዓይነት ስልኮች ውስጥ በግልጽ የመረጃ ቋት ስለሚቀመጡ ከነአማርኛቸው በሰላም ይሻገራሉ። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ለሚሄድ ሰው አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሙቭ ቱ አይኦኤስ የተባለ መተግበሪያ የስም ዝርዝሩን፣ መልእክቶቹን፣ ፎቶግራፎቹንና የቀን መቁጠሪያውን ይወስዳል። በተቃራኒው አቅጣጫ ለሚሄድም አዲሱ የአንድሮይድ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከአሮጌው አይፎን ጋር በኬብል እንዲገናኝ ይጠይቃል። መልእክቶቹ በሲም ካርዱ ላይ እንዳልሆኑ ግን ልብ ማለት ይገባል። የድሮ ስልኮች በሲም ካርድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ዛሬም ሲሙን ካወጡ ሁሉም ነገር አብሯቸው የሚወጣ የሚመስላቸው አሉ።

ቴሌግራም ከመልእክት አገልግሎቶች ሁሉ ለመሻገር የሚቀልለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ተራ ጭውውቶች የሚቀመጡት በድርጅቱ ሰርቨሮች ላይ ነው። በአዲሱ ስልክ ላይ በዚያው የስልክ ቁጥር ሲገቡ የአምስት ዓመት ጭውውት፣ ቡድኖችና የተላኩ የመጻሕፍት ፋይሎች ሁሉ ይመለሳሉ። የመግቢያው ቁጥር በቅድሚያ የሚላከው አስቀድሞ ክፍት ወደሆነው ቴሌግራም ስለሆነ አሮጌው ስልክ ከመጥፋቱ በፊት መግባት ይጠቅማል። ከዚህ ውጭ የሆነው «ምስጢራዊ ጭውውት» የተባለው ነው። እርሱ የሚመሠጠረው በሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልኮች ላይ ብቻ ባለ ቁልፍ በመሆኑ ወደ አዲሱ ስልክ አይሄድም፤ ወደ ሌላ አንድሮይድ እንኳ ቢሆን።

ምቾቱ ግን በነጻ የመጣ አይደለም። የቴሌግራም ተራ ጭውውት በቀላሉ የሚሻገረው ድርጅቱ የመክፈቻውን ቁልፍ ስለያዘ ነው። ዋትስአፕ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል፤ ስለዚህም ነው የሚያስቸግረው።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ምስጠራ ዘረጋ። አሠራሩን በአጭሩ እንግለጸው። እያንዳንዱ ስልክ ሁለት ተጣማሪ ቁልፎች ያመነጫል፤ አንዱ ለሁሉም የሚታደል ሲሆን ሌላው ከስልኩ የማይወጣ ነው። ሁለት ሰዎች የታደሉትን ቁልፎች ተለዋውጠው በየራሳቸው ምስጢራዊ ቁልፍ ካሰሉ በኋላ ሁለቱም አንድ ዓይነት የጋራ ቁጥር ያገኛሉ፤ በመካከል ሆኖ የታደሉትን ብቻ ያየ ሰው ግን ያንን ቁጥር በተግባር ሊደርስበት አይችልም። የድርጅቱ ሰርቨር ያልደረሰ መልእክትን እስከ 30 ቀን ድረስ ተመስጥሮ እንዳለ ያቆየዋል፤ ከደረሰ በኋላ ይሰርዘዋል። ስለዚህ የጭውውታችን ታሪክ ያለው በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ብቻ ነው። በአዲሱ ስልክ ላይ በቁጥራችን ስንገባ ማንነታችን ይመለሳል፤ ቡድኖቻችንም ይመለሳሉ፤ ያለፈው ጽሑፍና ድምፅ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። በወዳጆቻችን ስልክ ላይ «የደኅንነት ቁጥሩ ተለውጧል» የሚል ማስታወቂያ የሚወጣውም አዲሱ ስልክ አዲስ የቁልፍ ጥንድ ስላመነጨ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ዋትስአፕ በየሌሊቱ ቅጂ ያስቀምጥልኛል» ብሎ ይተማመናል። እውነት ነው ያስቀምጣል፤ ነገር ግን አንድሮይድ የሚያስቀምጠው በጎግል ድራይቭ ላይ ነው፤ አይፎን ደግሞ በአፕል አይክላውድ ላይ ነው። የአይፎኑ ዋትስአፕ የጎግል ድራይቩን ቅጂ አይከፍትም፤ የአንድሮይዱም የአይክላውዱን አይከፍትም። የመረጃ ቋቶቹ አወቃቀር እንኳ የተለያየ ነው። ስለሆነም ቅጂ አለኝ ብሎ አሮጌውን ስልክ ያጠፋ ሰው ዕቃው በተቆለፈ ቤት ውስጥ እያለ ቁልፉን ወንዝ እንደጣለ ይቆጠራል።

ይህ ግድግዳ በከፊል የተከፈተው በቅርብ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአይፎን ወደ አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች፣ በ2022 ደግሞ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ታሪኩን በቀጥታ የማሻገር ዘዴ ተዘረጋ። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ሲኬድ ሥራው የሚከናወነው ከላይ በጠቀስነው በሙቭ ቱ አይኦኤስ በኩል፣ አይፎኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚደራጅበት ሰዓት ነው። ከሚሻገሩት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ዋትስአፕን መምረጥ፣ ከዚያም በአይፎኑ ላይ ዋትስአፕን አውርዶ በዚያው የስልክ ቁጥር መግባት ያስፈልጋል። አይፎኑን አስቀድሞ አደራጅቶ መጠቀም የጀመረ ሰው ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሶ እንደገና መጀመር ይኖርበታል። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ሲኬድም እንዲሁ በአዲሱ ስልክ የመጀመሪያ አደረጃጀት ጊዜ፣ በኬብል ነው። ኬብሉን በተመለከተ ከ2023ቱ አይፎን 15 ጀምሮ የአይፎን መሰኪያ ከአብዛኛው አንድሮይድ ጋር አንድ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ለነበሩት ግን ሁለት ጫፉ የተለያየ ኬብል መፈለግ ግድ ነው። የተደረጉ ጥሪዎች ዝርዝር በዚህ ዘዴ አይሻገርም፤ የተላኩ የድምፅ መልእክቶችና ፎቶግራፎች ግን ይሻገራሉ።

ወደ አንድሮይድ የሚመለስ የአይፎን ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እርሱም አይሜሴጅ ነው። አፕል ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር ከተራው የጽሑፍ መልእክት ጋር በአንድ መስኮት ውስጥ አስቀመጠው። አንድ አይፎን ወደ አንድ ቁጥር መልእክት ሲልክ በመጀመሪያ የአፕልን ማውጫ ይጠይቃል፦ «ይህ ቁጥር አይሜሴጅ አለውን?» መልሱ አዎን ከሆነ መልእክቱ ተመስጥሮ በኢንተርኔት ይሄዳል፤ አይደለም ከሆነ በቴሌኮሙ በኩል ተራ መልእክት ሆኖ ይላካል። አሁን ባለቤቱ ሲም ካርዱን አውጥቶ በአንድሮይድ ላይ ቢያደርገው ማውጫው ይህን ሊያውቅ አይችልም። አሁንም አዎን ማለቱን ይቀጥላል። ከአሜሪካ ያለች እኅቱ «አባባ ታመዋል፣ ደውል» ብላ ከአይፎኗ ብትጽፍ መልእክቱ የሚመሠጠረው በአሮጌው ስልክ ቁልፍ ነው፤ በአዲሱ ስልክ ላይ ምንም አይታይም። እርሷም መልእክቷ እንደ ሄደ ታምናለች። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን አይሜሴጅን በብዛት ስለሚጠቀሙ ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጊዜው መደረግ አለበት። ሲሙ ከአይፎኑ ከመውጣቱ በፊት በመልእክቶች ቅንብር ውስጥ አይሜሴጅን መዝጋት ነው። አይፎኑ አስቀድሞ ከእጅ ከወጣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ማብቂያ ላይ በድረ ገጹ የከፈተው የመሰረዣ ገጽ አለ፤ የስልክ ቁጥሩን ተቀብሎ በጽሑፍ መልእክት የሚልከውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር መልሰን ስንሰጠው ስማችንን ከማውጫው ያወጣል። አፕል በሴፕቴምበር 2024 ካወጣው ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ አይፎን አርሲኤስ የተባለውን አዲስ የመልእክት ደረጃ ተቀብሏል፤ በዚህም ከአንድሮይድ ጋር የሚደረገው ልውውጥ ተሻሽሏል። ይህ ግን የቴሌኮሙን ድጋፍ የሚጠይቅ ነው፤ የማውጫውንም ችግር አያስወግድም።

ዘፈኖች

ስለ ዘፈን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሆኖም ፊዚክሱ ደስ የሚያሰኝ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። በሲዲ ላይ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ የግራና የቀኝ ሁለት መስመሮች አሉ። ስለዚህ 44,100 × 16 × 2 = 1,411,200 ቢት በሰከንድ ይሆናል። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 42 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። በጀርመን ኤርላንገን ከተማ የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ዋነኛ ድርሻ የነበራቸው ኤምፒ3 ይህን በሰከንድ ወደ 128,000 ቢት ሲያወርደው ያው ዘፈን ከ4 ሜጋባይት ያነሰ ይሆናል። ዘዴው የሚያርፈው በጆሯችን ድክመት ላይ ነው። ጸናጽሉ በሚንሿሿበት ቅጽበት በድግግሞሽ የሚቀርበው ሌላ ደካማ ድምፅ ቢኖር ጆሮ አይሰማውም፤ ኤምፒ3 እንዲህ ያለውን ድምፅ በጥቂት ቢት ብቻ ይመዘግበዋል ወይም ጭራሽ ይተወዋል።

ኤምፒ3 ምንም ቁልፍ የሌለበት ግልጽ ፋይል ነው፤ በሁለቱም ስልኮች ላይ ይሰማል። ከጓደኛ በብሉቱዝ የመጣ ወይም በሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነ ዘፈን ያለው ሰው ወደ አይፎን ሲሻገር የሚቸገረው በፋይሉ ዓይነት ሳይሆን በመንገዱ ነው። አይፎን የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ኖሮት አያውቅም፤ ሙቭ ቱ አይኦኤስም ዘፈኖችን አይወስድም። ዘፈኖቹን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ከዚያም በአፕል ፕሮግራም በኩል ወደ አይፎኑ ማስገባት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የሚሄድ ሰው ከአፕል መደብር የገዛቸው ዘፈኖች ኤኤሲ በተባለ አጻጻፍ ያሉ ናቸው፤ አንድሮይድም ያጫውታቸዋል። ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። መደብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት ዘፈኖቹ በአፕል መሣሪያዎች ላይ ብቻ እንዲሰሙ የሚያደርግ ቁልፍ ነበረባቸው፤ ቁልፉ መነሣቱ የታወጀው በ2009 ነው።

በየወሩ እየተከፈለ የሚደመጥ ሙዚቃ ደግሞ የተገዛ ሳይሆን የተከራየ ነው። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ሙዚቃ በሁለቱም ላይ አሉ፤ አፕል ሙዚቃም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአንድሮይድ ላይ ይገኛል። ያወረድናቸው ዘፈኖች የተመሠጠሩ ስለሆኑ አይሻገሩም፤ ዝርዝሩ ግን በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ እንደገና ማውረድ ብቻ ነው።

ስድስቱ አኃዞች

እስካሁን የተነጋገርነው በሚታዩ ነገሮች ላይ ነው። ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሰው የማያስታውሰው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ እርሱም የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጨው መተግበሪያ ነው። ኢሜይሉን ወይም የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን በሁለት ደረጃ የሚጠብቅ ተማሪ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጡትን ስድስት አኃዞች ያውቃቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች ከየትም አይላኩም፤ ስልኩ ከኢንተርኔት ቢቋረጥም መለዋወጣቸውን አያቆሙም። ምስጢሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በካሜራ ያነሣነው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ለስልኩ ሰጥቶታል፤ ያው ቁጥር በሰርቨሩም ዘንድ አለ። ሁለቱም ይህን ቁጥር ከሰዓቱ ጋር አዋሕደው፣ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት ውስጥ አሳልፈው፣ ከውጤቱ ስድስት አኃዝ ይቆርጣሉ። የሁለቱም ሰዓት ከተስማማ አኃዞቹም ይስማማሉ።

እንግዲህ አሮጌው ስልክ ሲጠፋ ምስጢራዊው ቁጥር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በዚያን ጊዜ መተግበሪያውን በአዲሱ ስልክ ላይ እንደገና ማውረድ ባዶ ሣጥን ማግኘት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ስልኮች በእጅ እያሉ ቁጥሮቹን ማሻገር ያስፈልጋል። የጎግል ማረጋገጫ መተግበሪያ በሁለቱም ሥርዓቶች ላይ ስላለ አሮጌው ምልክቱን በመስታወቱ ላይ ያሳያል፣ አዲሱ በካሜራው ያነሣዋል፤ ሥራው ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። አገልግሎቱ ሲከፈት የተሰጡትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፎ የያዘ ሰው ደግሞ ከዚህ ጭንቀት ነጻ ነው።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ተማሪዎች መረጃውን መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት ሰቅሎ ከዚያ ማውረድ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ከስልክ ወደ ስልክ? ብለው ይጠይቃሉ። እናስላው። 40 ጊጋባይት መረጃ አለን እንበል፤ ይህ 320 ቢሊዮን ቢት ነው። ሁለቱ ስልኮች በዋይፋይ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ቢት ቢለዋወጡ 3,200 ሰከንድ፣ ማለትም 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወደ ኢንተርኔት የምንሰቅልበት ፍጥነት በሰከንድ 4 ሚሊዮን ቢት ቢሆን ግን 80,000 ሰከንድ ነው፤ ይህም ከ22 ሰዓት በላይ ነው። ማውረዱና የዳታ ጥቅሉ ዋጋ ገና አልታሰበም።

በቀጥታ ሲሻገር ስልኮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ጉልበት በርቀት ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ በ3 ሜትር ርቀት ላይ የሚደርሰው በ30 ሳንቲሜትር ላይ ከሚደርሰው አንድ መቶኛ ነው፤ መካከል ላይ ግድግዳ ካለማ የባሰ ነው። ሥራው በመካከል ከተቋረጠ ከመጀመሪያው መጀመር ሊያስፈልግ ስለሚችል ሁለቱም ስልኮች አስቀድመው በሙሉ ይሞሉ፤ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል እያወቁ 15 በመቶ በቀረው ባትሪ መጀመር አይገባም። በመካከል ጥሪ መቀበል ወይም ሌላ መተግበሪያ መክፈትም ዝውውሩን ሊያቋርጠው ይችላል።

ከባሕር ማዶ የሚላክ ስልክ ሁለት ነገሮች ሊጠየቁለት ይገባል። አንደኛው የሲም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። ስለዚህ ዘመድ ስልኩን ከመግዛቱ በፊት የእኛ ቁጥር ወደ ኢሲም ሊዛወር መቻሉን ከቴሌኮሙ ማጣራት ያሻል፤ በየወሩ የሚከፈልበት ውል ያለው ስልክ ከሆነም ለአንድ ቴሌኮም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የማስነሻ ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አይፎን፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ አንድሮይድ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ሳያወጣ በተደመሰሰ ስልክ ላይ የዚያኑ ባለቤት ምስጢራዊ ቃል ይጠይቃሉ። ለሌቦች የተሠራው ይህ መቆለፊያ ሐቀኛውንም ሰው ያግዳል።

ዝውውሩ ካለቀ በኋላ አሮጌውን ስልክ ወዲያው መደምሰስ አይገባም። ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋትስአፕ ተከፍቶ የድሮዎቹ የድምፅ መልእክቶች አንድ በአንድ መሰማታቸው ይረጋገጥ፤ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የተሻገረውም አይፎን ያለው ጓደኛ ፈልጎ የጽሑፍ መልእክት እንዲልክለት ይጠይቅ። የሚደመሰሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመደምሰሱም በፊት ባለቤቱ ከአፕል ወይም ከጎግል አካውንቱ ይውጣ።